የጓያው ውሃ ወዴት ተደፋ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጆቼ ከእኔ ጋር ገበታ መቅረብ ሰልችቷቸዋል። ንፍሮ ሲመጣ ውሃው የት እንደተደፋ እጠይቃለሁ። ሽሮ ሲቀርብ ከምን ከምን እንደተፈጨ እጠይቃለሁ። ትልቋ ልጄ፣ «እማዬ፣ እውነት ጡረታ ወጥተሻል ወይስ ቢሮውን ይዘሽው ነው የመጣሽው?» ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ግን መልሱን እስክሰማ ድረስ እጄ ወደ ገበታው አይዘረጋም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ ፍርሃቴን ያስለቅቀኛል ስል ጭራሽ አደለበው።

መንግሥት ተለውጦ ክልሎች ከተዋቀሩ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ከደብረ ማርቆስ ወደ ወረታ የተዛወርኩት። ቢሯችን የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት አለፍ ብሎ፣ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ደመወዙ ወር አያደርስም፤ እሱን ልተወውና ወደ ሥራው ልሂድ። የተሰጠን ሥራ ባለሙያዎች አካባቢን የሚገልጹባቸውን ቃላት በአንድ መዝገበ ቃላት መልክ ማስያዝ ነው። አንዱ «ረግረግ» ያለውን ሌላው «ውሃ የተኛበት ሜዳ» ካለው፣ ከፎገራ የተወሰደ ጭቃ ከሌላ አገር ጭቃ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር አንድ ስም፣ አንድ ፍቺና ከበላዩ አንድ ወገን እንዲኖረው ተፈለገ። ጭቃ ከአፈር ወገን፣ ፍል ውሃ ከምንጭ ወገን፣ ምንጭ ከውሃ ወገን እያልን እንደ ትውልድ እንቆጥር ነበር።

አፈሩና ውሃው ብዙም አላስቸገረንም። ያስቸገረን ምግብ ነው።

የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ታደለ ይባላሉ። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በላቦራቶሪ የጨረሱ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ጫማቸውን ግን ጭቃ ላይ እንኳ የሚወለውሉ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ጋሼ፣ እኛ የአካባቢ ሰዎች ነን፤ ምግብ ውስጥ ምን ወሰደን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሻጋታው እንጀራው አገሩ ነው፣ አስካለ» አሉኝ። «አንቺ ምሳ ትይዋለሽ፣ እሱ ቤቴ ይለዋል። የሚታመመውና የሚያሳምመው የሚኖርበትን ሁሉ ካልመዘገብን የቱን አካባቢ መዘገብነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጀራ ስቆርስ ባለቤቱ ሻጋታ ያየኝ እየመሰለኝ ተቸገርኩ። ጋሽ ታደለ ግን አንድ ጊዜ ከጀመሩ አይለቁም። ሩዝ ማሳ ላይ ሳለ ተክል ነው፤ ጎተራ ሲገባ እህል ነው፤ መቼ ነው ምግብ የሚሆነው? ቅቤ ድስት ውስጥ ሲገባ ምግብ፣ ራስ ላይ ሲቀመጥ ቅባት ነው፤ ገና ቅል ውስጥ ሳለ ማን ይባል? አተላውን ከብት ሲጠጣው መኖ ነው፤ በክፉ ቀን ሰው ሲጠጣውስ? ነፍሰ ጡር ሴት የምትልሰው አፈር ከአፈር ወገን ይቆጠር ወይስ ከምግብ? ስንከራከር ውለን አንዳንዴ ተሳስቀን፣ አንዳንዴ ተኮራርፈን እንለያያለን። እኔ በነዚያ ቀናት ደስተኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ዘዴያቸው የተለየ ነበር። ምግብን በስሙ አይመድቡም። ናሙናውን ከመዳፋቸው ጀርባ ላይ ያደርጉና ያሸቱታል፤ «መዳፍ ብዙ ነገር ስለሚነካ ይዋሻል» ይላሉ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ከየት መጣ? ምን ነካው? ምን ተደፋ? ሦስተኛው ጥያቄ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ሰው የበላውን ይናገራል፤ የደፋውን ማን ያስታውሳል? እሳቸው ግን የታጠበበትን ውሃ፣ የተገፈፈውን አረፋ፣ የወደቀውን ገለባ ሳይጠይቁ ብዕር አያነሱም። ድስቱንም በዓይናቸው ካላዩ አይጽፉም። «የሰው አፍ የሚነግርሽ ስሙን ነው፤ ድስቱ ሥራውን ይነግርሻል» ሲሉኝ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

ጓያ ላይ ስንደርስ ግን ብዕሬ ከበደኝ።

ወረታ ያለችበትን ፎገራን ለማያውቅ ልንገር። ክረምት ሜዳው ውሃ ለብሶ ሩዝ ይበቅልበታል። ውሃው ሲሸሽና ሩዙ ሲታጨድ፣ ገና ባልደረቀው ጭቃ ላይ ጓያ ይዘራል። ጓያ አተር የሚመስል ጥራጥሬ ነው፤ እርሻም አረምም ብዙ አይፈልግም፤ ሌላው እህል ሲሞት እሱ ቆሞ ይገኛል። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሌላ እህል ጠፍቶ ሰው ጓያ ብቻ ወራት ከበላ እግሩን ይይዘዋል፤ አገሬው «ጓያ ሰበረው» ይላል። የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ ሞፈር የሚጨብጠው ጎረምሳ ነው።

እኔ ባደግሁበት አገርም ጓያ ይፈራል። ሰው የሚፈራው ግን መብላቱን ብቻ አልነበረም። ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ ይመታል ይባላል። የተቀቀለበት ውሃ እግር ከነካ፣ ሰው በጓያ ማሳ መሃል ካቋረጠ ይሰበራል ይባላል። እናቴ የጓያ ድስት በተጣደበት ቤት ስታልፍ አፍንጫዬን በነጠላዋ ትይዝ ነበር። ኋላ ተምሬ እንፋሎቱ ምንም እንደማያደርግ አወቅሁ። አወቅሁ ማለት በአንጎሌ ነው፤ እግሬ አልተማረም። የጓያ ሽታ ሲመጣ ሳላዘው መንገድ ይለውጥ ነበር።

ጋሽ ታደለ ይህን ሲሰሙ አልሳቁብኝም። «ይጻፍ» አሉ። «የጓያ እንፋሎት፣ ከአየር ወገን፤ ሰው ይጎዳናል ብሎ የሚሸሸው፤ ጉዳት ያልተረጋገጠበት። ሰው የሚሸሸው ነገር እኮ የሚኖርበትን ይለውጣል።» ረቂቁ ወደ ላይ ሲላክ የበላይ አለቃችን በቀይ ሰረዘውና ወረታ ድረስ መጣ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ክፋት የሌለው፣ ግን ችኩል ሰው ነው። «ሳይንስ ነው የምንሠራው፣ ተረት አንመድብም። ጓያ ከጥራጥሬ ወገን፤ ጥሬ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ። በቃ!» ብሎ ሄደ። እኔ በሆዴ እፎይ አልኩ። ከእንፋሎቱ ጋር በየቀኑ ወረቀት ላይ መተያየቱ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክረምት ክፉ ነበር። ባለፈው ዓመት ጎርፉ ሩዙን ጠራርጎ ወስዶት ስለነበር በየቤቱ የቀረው ጓያ ብቻ ነው። ጋሽ ታደለ በክፉ ቀን የሚበላውን እንመድብ ብለው ቁሐር ሚካኤል ወደሚባለው የፎገራ ቀበሌ ወሰዱኝ። መኪናው ጥርጊያው ላይ ቀረና ውሃውን በእግር ልናቋርጥ ሆነ። ውሃ እፈራለሁ፤ የማይታይ መሬት መርገጥ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ቆሜ ሳመነታ አበባው የሚባል ጎረምሳ ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ። በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ጋሽ ታደለን ይዞ በዚያ ጭቃ ውስጥ እየሳበ አሻገረን። እንደሱ ያለ ጠንካራ እጅ ከዚያ በፊት ይዤ አላውቅም።

የወሰደን ወደ እናቱ ቤት ነው። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏቸው ሴት ናቸው። ትልቁ አበባው በሬዎቹን ይዞ ቤቱን የሚያኖረው፣ ታናሹ ምስጋናው ገና ጉልበቱ ያልጠና። ተቀምጠን ስንጫወት አበባው ባቱን ያሻል።

«ምነው፣ አመመህ?» አሉት ጋሽ ታደለ።

«አይ፣ ሰሞኑን እየተሸመቀቀ ያስቸግረኛል። ውሃ ውስጥ ስለምውል ነው መሰል።»

የጋሽ ታደለ ፊት ተለወጠ። ጋሽ ታደለ ብድግ ብለው፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሰሞኑን የምትበሉት ምንድን ነው?» አሉ።

«ምን ይኖራል፣ ጌታዬ! ጓያ ነው እንጂ። ሌላማ ጎርፉ ወሰደው እኮ።»

«ጥሬውን ነው? ቆሎ ነው?»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! ልጆቼን እሰብር ብዬ? ቀቅዬ ነው የማበላቸው። ለዚያውም ተጠንቅቄ።»

ጋሽ ታደለ እንደ ልማዳቸው ድስቱን ሊያዩ ከቤቱ ጀርባ ወዳለችው የማብሰያ ጎጆ አመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ሮጠው በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«ኧረ በሞትሁት! አይቅረቡ! ተጥዷል፣ እንፋሎቱ ይመታዎታል! የሰው አገር ሰው ቤቴ መጥቶ ተሰብሮ ይሂድ? እኔ አላደርገውም!»

ፊታቸው በነጠላ ተጠቅልሎ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። የምራቸውን ነበር። እኔም ከኋላ የጋሽ ታደለን ኮት ያዝኩ። ሽታው ደርሶኛል። ጋሽ ታደለ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ። ባለቤቲቱን ገፍቶ መግባት ነውር ነው፤ ያውም እኛን ብለው ሲከለክሉ። መለስ አሉና «እሺ፣ የተቀቀለ ነው» ብለው ጻፉ። ሌላ እህል ከተገኘ ቀላቅለው እንዲሰጧቸው፣ አበባውም ጤና ጣቢያ እንዲታይ መክረው ወጣን። ምን እንደተደፋ አልተጠየቀም።

አበባው ጤና ጣቢያ አልሄደም። የእርሻ ወቅት ነዋ! ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠዋት ቢሮ ስገባ በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ምስጋናው ደግፎት ነው የመጣው። ሊነሳልኝ ሲሞክር ጉልበቶቹ እርስ በርሳቸው ተጋጩ፤ ተረከዙ መሬት አልነካ ብሎ በጣቶቹ ጫፍ ቆመ። «እትዬ አስካለ፣ ትናንት ከሞፈሩ ጋር አብሬ ወደቅሁ። እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ባለሙያው ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ከአልጋው ተወርውሮ ወጣ። «የሄደው የሚመለስ አይመስለኝም» አለን ለብቻችን። «ከዛሬ ጀምሮ ጓያ ካልበላ ግን ላይብስበት ይችላል።» ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን አነሱና ወደ ቁሐር ሚካኤል መንገድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ዛሬም በሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ታደለ ግን፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬ ልመታ» ብለው በክንዳቸው ሥር ሾልከው ገቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ቆሜ ግን አየሁት። ድስቱ እሳት ላይ ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በጭቃ ተመርጎ ተለጥፏል። አንዲት የእንፋሎት ክር እንኳ አትወጣም።

«ይህ ጭቃ ምንድን ነው?»

«እንፋሎቱ እንዳይወጣ ነዋ፣ ጌታዬ! ልጆቼን እንዳይመታ። ጎረቤት ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

«ውሃውንስ? ሲበስል ውሃውን የት ይደፉታል?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ምን ብዬ እደፋዋለሁ? አንዱ ረግጦት ይሰበር? በልኩ ነው የማደርገው፤ እዚያው ይመጥጠዋል። ጠብ አትልም!»

ጋሽ ታደለ አመድ ላይ ቁጭ አሉ። ያ ሁልጊዜ የሚወለወል ጫማቸው እሳቱ ሥር ገብቶ ነበር። የጓያው መርዝ በውሃ ይወጣል። ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎ፣ ውሃው ከተደፋ አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። እትዬ ጥሩወርቅ ግን እንፋሎቱን ፈርተው አፉን መረጉት፣ ውሃውን ፈርተው መልሰው እህሉ ውስጥ አስገቡት። ልጃቸውን ከጉዳት ሲጠብቁ የከረሙበት ጥንቃቄ ያንኑ ጉዳት አንድ ሳያስቀር ሰሃኑ ላይ አቀረበለት። ይህ እንዴት ተደርጎ ለእናት ይነገራል? ጋሽ ታደለ፣ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ልክ ነዎት፣ ውሃው ክፉ ነው። ክፉ ስለሆነ ከቤት ይውጣ። ለምስጋናው ሲሉ ይድፉት» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። እትዬ ጥሩወርቅ ድስቱን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸው ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን መደብ አዩ። ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው፣ እንፋሎቱን ረስተው፣ ክዳኑን በባዶ እጃቸው ገነጠሉት።

በበጋው አበባውን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዱት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። «ፍል ውሃ» የሚለውን ቃል የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ከመሬት ውስጥ ሞቆ የሚወጣ ምንጭ ብዬ በአንድ መስመር ጨርሼዋለሁ። አበባው ትከሻው ድረስ ገብቶ ሲቆይ እግሮቹ ለቀቁ። ተረከዙ መሬት ነካ። «እማዬ፣ ቆምሁ!» ብሎ ጮኸ። እናቱ እልል አሉ፤ ዙሪያውን ያለው ሰውም እልል አለ። እኔ ብቻ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እንደዚያ ቀን ተስፋ ፈርቼ አላውቅም። ከውሃው ወጥቶ ሰውነቱ ሲበርድ ጉልበቶቹ እንደገና ተጣመሩ። እናቱ ነጠላቸውን አልብሰውት ወደ ቤት ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታደለ ድስት ሳያዩ የማንም ቤት መደብ ላይ አልተቀመጡም። እኔም በየቀበሌው እየዞርኩ «ውሃውን ድፉ» ስል ከረምኩ። መዝገበ ቃላቱ ላይም ጋሽ ታደለ ጓያን ሁለት ቦታ አስገቡት፦ ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ፣ ተቀቅሎ ውሃው ያልተደፋ። እንፋሎቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። የበላይ አለቃችን ተናዶ መጣ።

«እነዚህን ሁለቱን ምን ይለያቸዋል? ሰሃን ላይ ሲቀርቡ አንድ አይደሉም እንዴ?»

«አንድ ናቸው» አሉ ጋሽ ታደለ። «በአንደኛው ግን ሰው ይራመዳል።»

አለቃው ፈረመ። ይህን ማድረጉን አልረሳለትም። ጋሽ ታደለ ትንሽ ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። ሲሰናበቱኝ፣ «ያን የመጀመሪያ ቀን በሩን አልፌ ብገባ ኖሮ ምናልባት እግሩ ይተርፍ ነበር ወይ እያልኩ አድራለሁ፣ አስካለ» አሉኝ።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ለሚካኤል ንግሥ ቁሐር ሄድኩ። ምስጋናው ትልቅ ሰው ሆኗል፤ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ከሩቅ አየሁት፤ እርምጃው ቀጥ ያለ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ አርጅተዋል። ከማብሰያቸው ጎጆ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍረው ዙሪያውን በእሾህ አጥረውታል፤ የጓያው ውሃ እዚያ ይደፋል፤ ሰው እንዳይረግጠው ሁሉም አጥሩን ዞሮ ነው የሚያልፈው። ልማዱ ወደ ጎረቤትም ተዛምቷል። ውሃው እግር ቢነካ ምንም እንደማያደርግ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ፈርተውት ይድፉት።

አበባው በሁለት ከዘራ ተደግፎ እስከ መንገዱ ሊሸኘኝ ተነሳ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ እግሬ ሳላዘው ዞረ። እሱ ግን እሾሁን በከዘራው ገለጥ አድርጎ፣ በጉድጓዱ አፋፍ ላይ ባለው እርጥብ ጭቃ መሃል እግሮቹን እየጎተተ አቋረጠ።

«አበባው! ኧረ ተው፣ ዞረህ እለፍ!» አልኩት ደንግጬ። እኔ፣ የተማርኩት ሴትዮ።

ማዶ ቆሞ ጠበቀኝ። «እናንተ ዙሩ፣ እትዬ» አለኝ እየሳቀ። «ለእኔ መዞሩ ሩቅ ነው።»